በ15 ጨዋታ 15 ድል፦ የሉዊዚያና ስቴት ፉትቦል ቡድን በ2019 ምን ቀየረ?

የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ባጭሩ ኤል ኤስ ዩ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ2019 የውድድር ዓመት 15 ጊዜ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ። 726 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 48.4 ማለት ነው። በዋናው የኮሌጅ ዲቪዚዮን በአንድ ዓመት ይህን ያህል ያስቆጠረ ቡድን እስከዚያ ድረስ አልነበረም። ከዓመት በፊት ይኸው ቡድን በጨዋታ 32 ነጥብ ገደማ ነበር የሚያገባው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ያው ነው፤ ዋናዎቹ ተቀባዮችም በ2018 እዚያው ነበሩ።

ዋንጫ በየዓመቱ አንድ ቡድን ያነሳል። ይህኛው ለጥናት የሚመቸው የተቀየረው ነገር በጣት ተቆጥሮ ሊነገር ስለሚችል ነው፦ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ተጨመረ፣ አሰላለፉ ተለወጠ፣ ኳርተርባኩ ሜዳ ላይ ራሱ እንዲወስን ተፈቀደለት። ሰዎቹ እዚህ በሥራ ድርሻቸው ብቻ ተጠርተዋል። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

## ጨዋታውን ለማይከታተል አንባቢ

ሜዳው 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ርዝመት፣ 53 ያርድ ከሲሶ ስፋት አለው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። አጥቂው ወገን 10 ያርድ ለመግፋት ዳውን የሚባል አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከሞላ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሱ ለባላጋራ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ሙከራ ከከሸፈ በአራተኛው ኳሱን በእግር አርቆ መትቶ ያስረክባል፤ ይህ ፑንት ነው። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ከባላጋራ መጨረሻ መስመር ማሳለፍ፣ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ተመትቶ 1፣ ወይም በሩጫ አሊያም በቅብብል 2 ይጨመርበታል። ፊልድ ጎል፣ ኳሱን በእግር መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ማሳለፍ፣ 3 ነው።

ከአጥቂዎቹ 11 ሰዎች አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ናቸው። ሥራቸው መግፋትና መከለል ነው፤ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። አንዱ ኳርተርባክ ነው። የቀሩት አምስቱ ኳስ መቀበል ይችላሉ። የጉዳዩ ሁሉ ማጠንጠኛ እነዚህ አምስት ሰዎች ናቸው።

## ዳራ

በሴፕቴምበር 2016 ኤል ኤስ ዩ ብዙ ዓመት የቆየውን ዋና አሰልጣኙን ከአራተኛው ጨዋታ ማግስት አሰናበተ። ቦታውን በጊዜያዊነት የያዘው የተከላካይ መስመር አሰልጣኙ ነበር፤ በኋላ ቋሚ ሆነ። የሉዊዚያና ተወላጅ ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ተጫዋች በመመልመል የተመሰገነ። ከዚያ በፊት ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በኦሌ ሚስ (በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ያስመዘገበው ግን 10 ድልና 25 ሽንፈት ነበርና ሹመቱ ብዙ ደጋፊ አላስደሰተም።

በ2017 ከውጭ የማጥቃት አሰልጣኝ አመጣ። አልሰመረም። ቡድኑ በገዛ ሜዳው በትሮይ ዩኒቨርሲቲ 24 ለ 21 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም በዓመቱ ተለየ። በ2018 ቦታው ለአንድ አንጋፋ ተሰጠ፤ ሰውየው ራሱ በ1970ዎቹ የኤል ኤስ ዩ ኳርተርባክ የነበረ ነው።

በዚያው ዓመት ከኦሃዮ ስቴት ዲግሪውን ይዞ የወጣ፣ እዚያ በተቀያሪነት የቆየ ኳርተርባክ ተዛወረ። ደንቡ የተመረቀ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ ሳይጠብቅ እንዲሰለፍ ይፈቅድ ነበር። የመጣው ግን የጸደይ ልምምድ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቅንብሮቹን፣ ማለትም ለየሙከራው የተዘጋጁትን የጨዋታ ዕቅዶች፣ ያጠናው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

2018 መጥፎ ዓመት አልነበረም፤ 10 ድል፣ 3 ሽንፈት። ከሽንፈቶቹ አንዱ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር ሰባት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው 74 ለ 72 ያለቀው ነው። የሚያመው ግን ሌላው ነበር፦ በራሳቸው ከተማ በባተን ሩዥ፣ በሰው በተሞላ ስታዲየም፣ አላባማ 29 ለ 0 ረታቸው። በዚያ ምሽት ኤል ኤስ ዩ በሩጫ የገፋው 12 ያርድ ብቻ ነው። በአላባማ በተከታታይ ሲሸነፉ ስምንተኛቸው ሆነ።

## ችግሩ ምን ነበር?

ኤል ኤስ ዩ ለረጅም ዓመታት የሩጫ ቡድን ነው። ትልልቅ ሰዎች ይሰለፋሉ፣ ኳሱ ለሯጭ ይሰጣል፣ ተከላካዩ ክፍል ደግሞ ባላጋራ ነጥብ እንዳያስቆጥር ይከላከላል። በ2018ም ከዚህ ልማድ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ችግሩ ሲተነተን ወደ ቀላል ሒሳብ ይወርዳል። አጥቂው ወገን ሁለት ተቀባዮቹን ለመከለል ሥራ ወደ ውስጥ ካስቀረ ኳስ ለመቀበል የሚሮጡት ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ተከላካዩ አራት ሰው ወደ ኳርተርባኩ ልኮ ሰባት ሰው ለሦስት ያስቀራል። ኳርተርባኩ ጊዜ አለው፤ ግን ነፃ ሰው አያገኝም። ይህ የሚያዋጣው የመስመር ተጫዋቾቹ ከባላጋራ በግልጽ ሲበልጡ ነው፤ ከአላባማ ጋር ደግሞ አይበልጡም ነበር።

ውጤቱ በኳርተርባኩ ቁጥር ላይ ይታያል። በ2018 ከወረወረው ኳስ ለወገኑ የደረሰው 57.8 በመቶ ነው፤ 16 የታችዳውን ቅብብል ብቻ አስመዘገበ። ማንም ለትልልቅ ሽልማቶች አላጨውም። ፊየስታ ቦውል በሚባለው የዓመት መዝጊያ ጨዋታ ሴንትራል ፍሎሪዳን 40 ለ 32 ሲረቱ 4 የታችዳውን ኳስ ወረወረ። ዋና አሰልጣኙ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ልጁ ይችላል፣ የጎደለው ቅንብሩ ነው የሚል ይመስላል፤ የወሰደው እርምጃ ይህንኑ ይናገራል።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ቅጥር ነው። በጃንዋሪ 2019 ከባተን ሩዥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ የፕሮፌሽናል ቡድን አንድ የ29 ዓመት ረዳት መጣ። የተሰጠው የቅብብል አስተባባሪነትና የተቀባዮች አሰልጣኝነት ነው። አንጋፋው የማጥቃት አሰልጣኝ ከቦታው አልተነሳም፤ ቅንብር የመጥራቱ ሥልጣንም በእጁ ቀረ። በዕድሜ እጥፍ የሚበልጠው ሰው የወጣቱን ሐሳብ መዋጡ፣ ወጣቱም ወንበሩን አለመሻማቱ፣ በእኛ ግምት ከአሰላለፉ ያላነሰ ዋጋ ነበረው። በ2017 የመጣው አሰልጣኝ ጋር ያልሆነው ይህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ አሰላለፉ ነው። መደበኛው አንድ ሯጭ፣ አንድ ታይት ኤንድ (ከመስመሩ ጠርዝ ቆሞ የሚከልልም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) እና ሦስት ተቀባይ ሆነ። ከዚሁ አሰላለፍ ሰው ሳይቀይሩ አምስቱንም በሜዳው ስፋት ይበትኗቸዋል፤ ከኳርተርባኩ አጠገብ ማንም አይቀርም። ይህ ባዶ አሰላለፍ ይባላል። ሯጩ ቁመቱ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ እጁ ግን ኳስ የማይጥል ልጅ ስለነበር ጫፍ ላይ ሲቆም የሚጠብቀው ላይንባከር (ከፊት ተከላካዮቹ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ይቸገራል፤ ላይንባከር ለግጭት እንጂ 53 ያርድ ስፋት ላይ ፈጣን ሰው ለማሳደድ አልተሠራም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ባላጋራ አንዱን ተቀባይ በሁለት ሰው ሲያፍነው ሌላው ይከፈታል። በዓመቱ መጨረሻ አንዱ ተቀባይ 1,780 ያርድ፣ ሌላው 1,540 ያርድ ነበራቸው፤ ሯጩም በሩጫ 1,414 ያርድ ሄዷል።

ሦስተኛው አር ፒ ኦ የሚባለው ሩጫን ከውርወራ ያጣመረ ቅንብር ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ወደ ሯጩ ሆድ ያስጠጋል፤ ዓይኑ ግን አንድ ተከላካይ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ላይንባከሩ ላይ። ላይንባከሩ ወደ ሯጩ አንድ እርምጃ ከተሳበ ኳሱን መልሶ፣ እሱ የለቀቀውን ቦታ ለሚያቋርጠው ተቀባይ ይወረውራል። ላይንባከሩ ከቆመ ኳሱን ለሯጩ ይለቃል። ጠቅላላው ከአንድ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም። የመስመር ተጫዋቾቹ የትኛው እንደሚሆን ስለማያውቁ ሁልጊዜ እንደ ሩጫ ይገፋሉ። የኮሌጅ ደንብ ኳሱ ከመወርወሩ በፊት ከመነሻው መስመር እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት እንዲሄዱ ይፈቅድላቸዋል፤ በፕሮፌሽናል ሊጉ 1 ያርድ ነው። ኳርተርባኩ ግማሽ ሰከንድ ካመነታ ገፊዎቹ ከ3 ያርዱ ያልፉና ቅጣት ይጠራል። በልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

አራተኛው ሥልጣን ነው። ኳርተርባኩ የባላጋራን አቋም አይቶ ከጎን መስመር የተጠራውን ቅንብር እንዲቀይር፣ የከለላውን አቅጣጫ እንዲያዞር ተፈቀደለት። በመካከል ተሰብስቦ መመካከርም ቀረ፤ በፍጥነት ተሰልፈው ሰዓቱ ሳያልቅ ዙሪያውን የማየት ጊዜ ያገኛሉ። ባላጋራው በዚያ ጊዜ ሰው ለመቀየር ፋታ የለውም።

ይህ ሁሉ የተሠራበት ጊዜ ብዙ አይደለም። የኮሌጅ ደንብ በጸደይ 15 ልምምድ ብቻ ይፈቅዳል፤ በውድድር ወቅትም ተጫዋቹ በሳምንት ለቡድኑ የሚሰጠው ጊዜ በ20 ሰዓት የተወሰነ ነው። በእረፍቱ ወራት ኳርተርባኩና ተቀባዮቹ በራሳቸው ተቀጣጥረው ይወራወሩ ነበር። ተቀባዩ ተከላካዩ ወዴት እንደቆመ አይቶ ሩጫውን ሲቀይር ኳሱ እሱ ከመዞሩ በፊት ከእጅ መውጣት አለበት፤ ይህ በሰሌዳ ላይ አይሠለጥንም፣ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ መወርወር ይፈልጋል።

## የመጀመሪያው ፈተና፦ ቴክሳስ፣ ሴፕቴምበር 7

በመክፈቻው ጆርጂያ ሳውዘርንን 55 ለ 3 አሸነፉ። ያ ምንም አላረጋገጠም። በሳምንቱ ወደ ኦስቲን ሄደው በከባድ ሙቀት ከቴክሳስ ጋር ገጠሙ። ሦስት ተቀባዮች እያንዳንዳቸው ከ100 ያርድ በላይ ተቀበሉ።

ጨዋታውን የወሰነው አንድ ሙከራ ነው። ኤል ኤስ ዩ 37 ለ 31 ይመራል፤ ሦስት ደቂቃ እንኳን አልቀረም። ሦስተኛ ሙከራ ነው፤ የሚያስፈልገው 17 ያርድ። እንዲህ ባለ ጊዜ የድሮው ኤል ኤስ ዩ ሮጦ ሰዓት ይበላና በፑንት ኳሱን ያስረክብ ነበር፤ ብዙ አሰልጣኝ ዛሬም ይህንኑ ያደርጋል። እነሱ ለውርወራ ተሰለፉ። ቴክሳስ ብዙ ሰው ልኮ ኳርተርባኩን አጣደፈው፤ ከኋላ የቀረው ጠባቂ ጥቂት ነው። ኳርተርባኩ ከጫናው ሸሽቶ ወደ ፊት ረገጠና ወረወረ። ተቀባዩ መካከል ላይ ይዞት እስከ መጨረሻው ሮጠ፤ 61 ያርድ፣ ታችዳውን። ከዚያ 2 ነጥብ ጨመሩ። ቴክሳስ 22 ሰከንድ ሲቀር አንድ ታችዳውን አግብቶ ውጤቱ 45 ለ 38 ሆነ። ኳሱን በፑንት አስረክበው ቢሆን ኖሮ ያ ታችዳውን መሪነቱን ይወስድባቸው ነበር።

በዚያው ጨዋታ ግን ቴክሳስ 530 ያርድ ገፋባቸው። በድሉ ደስታ መሐል ይህን ቁጥር ያነሳ ሰው ጥቂት ነበር።

## ሒሳቡ ሲገለበጥ፦ ኦበርን፣ ኦክቶበር 26

ፍሎሪዳን 42 ለ 28 ሲያሸንፉ በ48 ሙከራ ብቻ 511 ያርድ ገፍተው ነበር፤ በአንድ ሙከራ ከ10 ያርድ በላይ ማለት ነው። ባላጋራዎች ይህን ፊልም አዩ። መልሱን ይዞ የመጣው ኦበርን ነው።

ባዶ አሰላለፍ ላይ ኳርተርባኩን የሚከልሉት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባላጋራ ስድስት ሰው ከላከ አንዱ ሳይነካ ይደርሳል፤ ግን ከኋላ አምስት ለአምስት ይቀራሉና ፈጣን ውርወራ ይቀጣቸዋል። አራት ከላከ ሰባት ለአምስት ነው፤ ይህ ሚዛናዊ ነው። ኦበርን ያደረገው ሦስት ብቻ መላክና ስምንት ሰው ወደ ኋላ ማስቀረት ነበር። በመጠኑ ያበደ ይመስላል። ነገር ግን የኦበርን ሦስት የፊት ሰዎች እጅግ ጠንካሮች ስለነበሩ በሦስትም ቢሆን ኳርተርባኩን እንዲቸኩል ያደርጋሉ፤ እሱ ቀና ሲል ደግሞ የሚያየው ስምንት ሰው ነው። በእረፍት ሰዓት 10 ለ 10 ነበሩ። ኤል ኤስ ዩ በጠቅላላው ከ500 ያርድ በላይ ገፍቶ 23 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፤ የዓመቱ ዝቅተኛ ነጥብ ነው። ምክንያቱም ወደ ጎሉ ሲጠጉ ሜዳው ያጥራል፣ ስምንቱ ሰዎች የሚሸፍኑት ቦታ ይጠባል፣ ረጅም ሩጫ የሚሮጥ ተቀባይም መሄጃ ያጣል።

መፍትሔው የድሮው ሥራ ሆነ። ስምንት ሰው ወደ ኋላ የቀረበት ሜዳ ለሩጫ የተለቀቀ ሜዳ ነው። ኳሱን ለሯጩ ደጋግመው ሰጡት፤ 26 ጊዜ ይዞ 136 ያርድ ሮጠ። 23 ለ 20 አሸነፉ። የውርወራ አሰልጣኝ ያስመጣ ቡድን የሩጫ ልምምዱን ጥሎት ቢሆን ይህ ጨዋታ ከእጁ ይወጣ ነበር። የቡድን አሰልጣኞች ከዚህ ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ እናጥና ካሉ አላባማን ወይም ፍጻሜውን ትተው ይህን ቢያዩ እንመክራለን።

## አላባማ፣ ኖቬምበር 9

በአላባማ ሜዳ በእረፍት ሰዓት 33 ለ 13 ይመሩ ነበር፤ መጨረሻው 46 ለ 41። ኳርተርባኩ 39 ወርውሮ 31 አገናኘ፣ 393 ያርድ። አጭሩ ሯጭ አራት ታችዳውን አገባ፤ ሦስቱ በሩጫ፣ አንዱ በቅብብል። ስምንት ጊዜ የተደጋገመው ሽንፈት ተቋረጠ።

## ያልሠራው

በአላባማ 41 ነጥብ የገባበት ተከላካይ ክፍል በሳምንቱ በኦሌ ሚስ ሜዳ የባሰ ሆነ። ኤል ኤስ ዩ 58 ለ 37 ቢያሸንፍም በሩጫ ብቻ 402 ያርድ ተገፋበት። የኦሌ ሚስ ኳርተርባክ ወጣትና ፈጣን ነበር፤ እሱ ብቻውን ከ200 ያርድ በላይ ሮጠ። ቀደም ሲልም ቫንደርቢልት 38 ነጥብ አስቆጥሮባቸዋል።

ለምን? ከፊሉ ጉዳት ነው፤ ዋናው ሴፍቲ (የኋላ ጠባቂ) ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነበር፣ ሌላ ልምድ ያለው ተከላካይም ከአላባማ ጨዋታ በፊት ከቡድኑ ተለይቷል። ከፊሉ ግን የራሳቸው የማጥቃት ፍጥነት ያመጣው ነው። አጥቂው ክፍል በሁለት ደቂቃ ውስጥ አግብቶ ሲመለስ ተከላካዩ ላቡ ሳይደርቅ ሜዳ ይገባል። በእግር ኳሱም የመስመር ተመላላሾቹን ወደ ፊት የሚልክ ቡድን ከኋላው ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ነገሩ ያው ነው። ሦስተኛው ምክንያት ማሸነፋቸው ነው። 58 ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ውስጥ ሜዳ ላይ ሰው ይዞ መጣል ያቃተውን ተከላካይ የሚገሥጽ ድምፅ አይሰማም። ዋና አሰልጣኙ ሰኞን እውነት የሚነገርበት ቀን ብሎ የሰየመው ለዚህ ይጠቅመው ነበር፤ የሳምንቱ ፊልም የሚታየው በውጤቱ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ሥራ ነው።

የቆሰሉት ሲያገግሙ ሌላ ቡድን ታየ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 7 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፤ ኤል ኤስ ዩ 50። በኮንፈረንሱ (ኤል ኤስ ዩ በሚወዳደርበት የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) ፍጻሜ ጆርጂያን 37 ለ 10 ሲረቱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነው ኮርነርባክ (ተቀባይን የሚጠብቅ የጫፍ ተከላካይ) ሁለት ኳስ ጠለፈ።

በማጥቃቱም በኩል እንከን ነበር። የግራው የመስመር ጠርዝ ተጫዋች፣ የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቀው፣ ስድስት ጨዋታ አልተሰለፈም፤ መስመሩን ማሸጋሸግ ግድ ሆነ። ያም ሆኖ ያ መስመር የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የጆ ሙር ሽልማትን ወሰደ። አንዱ ምክንያት ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ ቶሎ መውጣቱ ነው፤ ሦስት ሰከንድ መከለል ካላስፈለገ ተቀያሪም ይበቃል።

## የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች

በዲሴምበር 28 በአገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ በአትላንታ ኦክላሆማን 63 ለ 28 አሸነፉ። ኳርተርባኩ ከእረፍት በፊት ብቻ ሰባት የታችዳውን ኳስ ወረወረ። ስለዚህ ጨዋታ ብዙ የሚባል የለም፤ ኦክላሆማ ለአምስት ተቀባይ የሚበቃ ጠባቂ አልነበረውም።

ፍጻሜው በጃንዋሪ 13፣ 2020 በኒው ኦርሊንስ ሱፐርዶም ነበር። ክሌምሰን 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ መጥቷል። ተከላካዮቹ ከመነሻው በፊት እየተቀያየሩ ማን እንደሚመጣ ማን እንደሚቀር አሳሳቱ፤ ኤል ኤስ ዩ መጀመሪያ ላይ በተደጋጋሚ ፑንት ለመምታት ተገደደ። ሁለተኛው ሩብ ላይ 17 ለ 7 ተመሩ። ቀስ በቀስ የተገኘው መክፈቻ፣ ክሌምሰን ለማደናገር ሰዎቹን ወደ መካከል ሲያበዛ ከጫፍ ያለውን ተቀባይ በአንድ ሰው ብቻ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። ያ ተቀባይ በምሽቱ 9 ኳስ ይዞ 221 ያርድ ሄደ። ኤል ኤስ ዩ በዚያው ሩብ ሦስት ታችዳውን አገባ። የመጨረሻው 95 ያርድ የተጓዘ ዙር ነበር፤ ኳርተርባኩ ኳሱን ለታይት ኤንዱ ሲለቅ ጎድኑን ተመታ፣ 28 ለ 17 እየመራም በሕመም ወደ እረፍት ገባ። ከእረፍት በኋላ ክሌምሰን 28 ለ 25 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ አላገባም። 42 ለ 25 አለቀ። ኳርተርባኩ 463 ያርድና አምስት የታችዳውን ቅብብል አስመዘገበ፤ አንድ ደግሞ ራሱ ሮጦ አገባ።

የዓመቱ ድምር፦ 527 ወርውሮ 402 አገናኘ፣ 76.3 በመቶ፤ 60 የታችዳውን ቅብብል፣ የተጠለፈበት 6 ብቻ።

## ለሌላ ቡድን የሚሆነው

ከ57.8 ወደ 76.3 በመቶ የዘለለው አንድ ሰው ነው። ክንዱ በአንድ ዓመት ያን ያህል አልጠነከረም፤ የተሰጠው ሥራ ተቀየረ። አሰልጣኝ ተጫዋቹን ከመለወጡ በፊት ከልጁ የሚጠይቀውን ነገር ቢመረምር ያዋጣዋል።

ባዶ አሰላለፍን መቅዳት ቀላል ስለሚመስል ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ቡድን ይሞክረዋል፤ አብዛኛው ይጎዳበታል። ስድስተኛው ሰው ሳይከለል ሲመጣ ኳርተርባኩ የት እንደሚወረውር አስቀድሞ ካላወቀ የሚያገኘው ጉዳት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ አንድ ተከላካይ ብቻ እያዩ መወሰን፣ ቀጥሎ ስድስት ሰው ሲመጣ የሚወረወርበትን ቦታ፣ ከዚያ ስምንት ሰው ሲቀር የሚሮጠውን ሩጫ፣ አምስቱን መበተን በመጨረሻ። ኤል ኤስ ዩም ቢሆን በቅንብር ብቻ አልነገሠም፤ በኤፕሪል 2020 ከዚያ ቡድን 14 ተጫዋቾች በፕሮፌሽናል ሊጉ ምልመላ ተመርጠዋል። ተቀባዩ ተራ ሰው ከሆነ አንድ ለአንድ መሆኑ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ የከበደው ዕውቀቱን ማቆየት ነው። ዋንጫው በተነሳ በቀናት ውስጥ ወጣቱ የቅብብል አስተባባሪ ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ካሮላይና ፓንተርስ ሄደ፤ የመከላከል አሰልጣኙ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2020 የጸደይ ልምምድ በወረርሽኙ ተቋረጠ፣ የቀረው ምርጥ ተቀባይም በዚያ ዓመት ላለመጫወት ወሰነ። ቅንብሩን በልባቸው የያዙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጡ ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 26፣ 2020 ኤል ኤስ ዩ ከሻምፒዮንነቱ የቀጠለውን ዓመት በገዛ ሜዳው ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ከፈተ። ሚሲሲፒ ስቴት ሯጩን ጨምሮ አምስት ሰው እየበተነ ይወረውር ነበር። አዲሱ የኤል ኤስ ዩ መከላከል ሰው ለሰው መያዙን አልተወም፤ አምስት ለአምስት። የእንግዳው ኳርተርባክ 623 ያርድ ወረወረ፤ 44 ለ 34 ተሸነፉ። ያንን ዓመት 5 አሸንፈው 5 ተሸንፈው ጨረሱ።